እምቢ የሚል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ያስፈልገናል

በግቢያችን የደም ልገሳ ቀን በሆነ ቁጥር ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲሰለፉ እናያለን። ይህ የሚያስመሰግን ነገር ነው፤ የሚነቅፈውም ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ደሙ ከክንዳችን ከወጣ በኋላ ስለሚሆነው ነገር የሚጠይቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ደሙን የሚመረምረው ማን ነው? ለማን እንደሚስማማና ለማን እንደማይስማማ የሚወስነው ማን ነው? ይህስ ሰው ለዚህ ሥራ የሠለጠነው እንዴት ነው? የዛሬው ጽሑፌ በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ነው።

የማቀርበው አሳብ አንድ ነው። በደም ባንክ ሥራ ውስጥ ሰው የሚገድለው ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ከዕውቀት ማነስ የሚመጣ አይደለም። የሚመጣው የበሽተኛውን ስም በደንብ ካለመጠየቅ፣ አንዱን ቱቦ ከሌላው ከማምታታትና የተጠራጠሩትን ነገር ዝም ብሎ ከማሳለፍ ነው። ስለዚህ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሥልጠና ትርጓሜ በማስጠናት ብቻ ሊፈጸም አይገባውም፤ ሠራተኛው ሲያስፈልግ ቆሞ «ይህን ናሙና አልቀበልም» ለማለት እንዲበቃ ሊያደርገው ይገባል።

ዕውቀቱ አዲስ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1901 በቪየና ይሠራ የነበረው ሐኪም ካርል ላንድስታይነር፣ የሰው ደም ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን፣ የአንዱም ደም ከሌላው ጋራ ሲቀላቀል አንዳንድ ጊዜ ቀይ ሕዋሶቹ እንደሚጓጉሉ ጽፎ አሳወቀ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ሥራውም በ1930 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ የተወለደበትም ቀን፣ ጁን 14፣ ዛሬ የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ሆኖ ይከበራል። በ1940 እርሱና አሌክሳንደር ዊነር የአርኤችን ነገር ገለጡ። በ1945 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ሮቢን ኩምስና ሁለት ባልደረቦቹ፣ በተራ ምርመራ ሳይታይ የሚያመልጠውን አንቲቦዲ የሚያጋልጥና እስከ ዛሬ በኩምስ ስም የሚጠራ ምርመራ አወጡ። በአገራችንም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የደም ባንክን አገልግሎት በ1969 ጀምሮ ለአያሌ ዓመታት ሲመራው ቆየ፤ በ2012 ሥራው ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወረ።

እንግዲህ ደምን በየዓይነቱ የመመደብ ዕውቀት ካወቅነው መቶ ዓመት አልፏል ማለት ነው። ለሥራውም የሚያስፈልገው ጥቂት ጠብታ ነው፤ ሰማያዊው አንቲ ኤ፣ ቢጫው አንቲ ቢ፣ ከነርሱም ጋራ አንቲ ዲ። አንድ ትጉህ ተማሪ ይህን በግማሽ ቀን ይማረዋል። ታዲያ ስሕተቱ ከየት ይመጣል?

መልሱን የሚሰጡን ስሕተቱን ቁጭ ብለው የቈጠሩ ሰዎች ናቸው። በአሜሪካ የኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር የጤና መሥሪያ ቤት፣ ደም የሚሰጡ ተቋሞች ስሕተታቸውን እንዲያመለክቱ ያስገድዳል። ከ1990 እስከ 1998 የተመለከተው ሁሉ ተሰብስቦ ሲመረመር፣ ለበሽተኛ ከተሰጠው 19000 ከረጢት ቀይ ደም ውስጥ አንዱ በስሕተት የተሰጠ ሆኖ ተገኘ። ከነዚህ ስሕተቶች ግማሽ ያህሉ የተፈጸመው ከደም ባንኩ ውጭ ነበር፤ 38 በመቶው ደሙን ለሌላ በሽተኛ በመስጠት፣ 13 በመቶው ናሙናው በሚቀዳበት ጊዜ። 29 በመቶው በደም ባንኩ ውስጥ ብቻ የተፈጸመ ነው፤ እርሱም የሌላ ሰው ናሙና መመርመር፣ ውጤትን ሲገለብጡ መሳሳት፣ ያልተፈለገውን ከረጢት አውጥቶ መስጠት ነው። 15 በመቶው ደግሞ ስሕተት በስሕተት ላይ ተደራርቦ የደረሰ ነው።

አንባቢዎቼ ይህን ዝርዝር አንድ ጊዜ እንደገና እንዲያዩት እለምናለሁ። የላንድስታይነርን ሳይንስ ባለማወቅ የተፈጸመ ስሕተት በውስጡ አለን? የተጠቀሱት ሁሉ የስም፣ የጽሕፈትና የእጅ ስሕተቶች ናቸው። በእንግሊዝ አገርም ከ1996 ጀምሮ ሾት በሚባል አጭር ስም የሚታወቅ ድርጅት፣ ሆስፒታሎች ስሕተታቸውን እየጻፉ እንዲልኩለት አድርጎ በየዓመቱ መግለጫ ያወጣል። መግለጫውም ዓመት ቈይቶ ዓመት የሚደጋግመው ነገር አንድ ነው፤ ከሚላኩለት ታሪኮች የሚበዙት የሰው ስሕተት ናቸው።

ምናልባት «ከ19000 አንድ ምን ያህል ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ ቁጥር የተገኘው ሕግ ባለበት፣ መዝገብ በሚያዝበትና ጠያቂ ባለበት አገር ነው፤ እርሱም ቢሆን የታወቀውን ስሕተት ብቻ የቈጠረ ነው። ስሕተት በማይቈጠርበት ቦታ የተሳሳተ ሰው ስለማይገኝ፣ ሁሉ ነገር የተስተካከለ ይመስላል። ያልተቈጠረ ስሕተት ግን አልተፈጸመም ማለት አይደለም።

የስሕተቱስ ዋጋ ምንድን ነው? የኦ ዓይነት ደም ያለው ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በፕላዝማው ውስጥ አንቲ ኤና አንቲ ቢ ይዞ ይኖራል። የኤ ደም በስሕተት ቢሰጠው እነዚህ አንቲቦዲዎች እንግዳዎቹን ቀይ ሕዋሶች እዚያው ደም ሥር ውስጥ ያፈርሷቸዋል። ከረጢቱ ሳያልቅ፣ ጥቂቱ እንደ ገባ፣ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፤ ወገቡን ያመዋል፤ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ ሽንቱ ይቀላል፤ ኩላሊቱ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። በማደንዘዣ ተኝቶ ያለ ሰው ከሆነማ «ወገቤን» ብሎ የሚናገርበት አፍ እንኳ የለውም። ዛሬ ከየለጋሹ የሚሰበሰበው ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለሁለቱ የጉበት በሽታዎችና ለቂጥኝ ይመረመራል፤ ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ከበሽታ ሁሉ ንጹሕ የሆነ ደም ለማይስማማው ሰው ከተሰጠ፣ ንጽሕናው ያን ሰው አያድነውም።

አሁን ወደ አገራችን ሥራ ልመለስ። ደም በሚሰጥባቸው አገሮች ሁሉ የታወቀው ደንብ፣ በሽተኛው ቢያንስ በሁለት ምልክት ይታወቅ የሚል ነው። በእንግሊዝ አገር ስሙ ከነቤተሰቡ ስም፣ የተወለደበት ቀንና የሆስፒታል ቁጥሩ ይጠየቃል። ይህን ደንብ ቃል በቃል ገልብጠን ብናመጣው ግን ለእኛ አይበቃንም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። በአንድ የወላዶች ክፍል ውስጥ ሁለት አልማዝ ከበደ ቢገኙ የሚያስደንቅ አይደለም። ከገጠር የመጣች እናት የተወለደችበትን ቀን ላታውቀው ትችላለች። አንዱ ስምም በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው በሦስትና በአራት ዓይነት ይጻፋል፤ በመጠየቂያው ወረቀት ላይ በአንዱ፣ በቱቦው ላይ በሌላው። ስለዚህ ለእኛ የአያት ስምና የካርድ ቁጥር ጌጥ አይደሉም፤ ሁለቱን አልማዞች የሚለዩዋቸው እነርሱ ናቸው። ይህን በውጭ አገር መጽሐፍ ውስጥ አናገኘውም፤ እኛው ራሳችን ለራሳችን ልናስተምረው የሚገባ ነው።

የአጠያየቁም ነገር እንዲሁ ነው። «አልማዝ ነዎት?» ተብላ የተጠየቀች በሽተኛ ብዙ ጊዜ «አዎ» ትላለች፤ በሕመም ስለ ደከመች፣ ወይም ነጭ ካፖርት የለበሰውን ሰው ማክበሯ ስለ ሆነ። «ስምዎን ከነአባትዎና ከነአያትዎ ይንገሩኝ» ተብላ ብትጠየቅ ግን እውነቱን ራሷ ትናገራለች። በሁለቱ አጠያየቅ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ቃል ነው፤ የሚያስከፍለው ሳንቲም የለም፤ ነገር ግን ነፍስ ያድናል። ቱቦውም ላይ ስሙ መጻፍ ያለበት እዚያው አልጋው አጠገብ፣ ደሙ እንደ ተቀዳ ነው እንጂ፣ አምስት ቱቦ በኪስ ተይዞ ጠረጴዛ ከተደረሰ በኋላ አይደለም።

በልምምድ ላይ ሳለሁ በአንድ ሆስፒታል ያየሁትን ልጨምር። «አልጋ 7» ከሚል ጽሑፍ በቀር ምንም ያልተጻፈበት ቱቦ ወደ ላቦራቶሪው መጣ። ተረኛዋ ልጅ ሥራዋን የምታውቅ ነበረችና ልትመልሰው ፈለገች። ያመጣው ሰው ግን «ዶክተሩ ቸኩለዋል፤ አንቺ ነሽ እንግዲህ የምታቆሚው?» አላት። ልጅቱ ጥቂት ዝም አለች፤ ከዚያ ስሙን ከመጠየቂያው ወረቀት ላይ ገልብጣ በቱቦው ላይ ጻፈችና ሥራዋን ቀጠለች። ያን ቀን ጉዳት አልደረሰም። እኔ ግን ጉዳት አለመድረሱን ከሥልጠናው አልቈጥረውም፤ ዕድል ነው። ልጅቱ ደንቡን ታውቀው ነበር፤ ፈተናም ላይ ቢመጣ በትክክል ትመልሰው ነበር። ያልተማረችው አንድ ነገር፣ ከበላይዋ በመጣ ቱቦ ላይ እምቢ ማለትን ነው። እርሷንስ ማን አስተማራት? ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው ለታላቅ መታዘዝን ነው፤ በዚህም ጨዋነታችን እንመሰገናለን። ነገር ግን በደም ባንክ ጠረጴዛ ላይ ሐኪሙን ማክበር ማለት፣ የእርሱን በሽተኛ ከስሕተት መጠበቅ ማለት ነው።

ታዲያ ሥልጠናው ምን ይመስላል? ብዙ ጊዜ የምናየው ይህን ነው። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሥዕል በግድግዳ ላይ ይታያል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ሻይ ይጠጣል፤ የምስክር ወረቀትና የውሎ አበል ይሰጣል። ለዚህም የሚላከው ኃላፊው ነው፤ ሌሊት ብቻውን የሚያድረው ልጅ ተረኛ ስለ ሆነ ይቀራል። በእኛም ክፍል ፈተናው «የኩምስ ምርመራ ምን ማለት ነው? አብራራ» የሚል ነው። ያብራራል። ነገር ግን ሕዋሱን በደንብ አጥቦ ሲመረምር ያየው አለን? በዚህ ምርመራ ውስጥ ሕዋሱ በደንብ ካልታጠበ፣ አንቲቦዲ እያለ «የለም» የሚል ሐሰተኛ መልስ ይገኛል። ስለዚህም «የለም» ያለውን ቱቦ በመቈጣጠሪያ ሕዋስ እንደገና መፈተን ግዴታ ነው። ይህን በቃል የሚያውቅ ተማሪ ብዙ ነው፤ እጁ የለመደው ግን ስንት ነው? ዋና በመጽሐፍ የተማረ ሰው ወንዝ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ለመምህሮቻችንና ለማኅበራችን አራት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የተግባር ፈተናችን ወጥመድ ይኑረው። ለተማሪው ከሚሰጡት ናሙናዎች መካከል አንዱ ስም የሌለው ይሁን፤ አንዱ በቱቦውና በወረቀቱ ላይ የአያቱ ስም የተለያየ ይሁን፤ በአንዱ የሕዋሱ ምርመራና የፕላዝማው ምርመራ የማይስማሙ ይሁኑ። ትክክለኛውም መልስ «ኤ» ወይም «ኦ» ሳይሆን «አልቀበልም፤ እንደገና ይቀዳ» ወይም «ውጤት አልሰጥም፤ ምርመራው ይደገም» ይሁን። ቸኩሎ መልስ የሰጠ ተማሪ፣ መልሱ በአጋጣሚ ትክክል ቢሆንም እንኳ ይውደቅ። እምቢታ ነጥብ የሚያስገኝበት ፈተና እስካላየን ድረስ፣ እምቢታ ጥፋት ይመስለናል።

ሁለተኛ፣ ማንም ሰው በቂ ልምድ ባለው ሰው ፊት ሥራውን በእጁ ሠርቶ ሳያሳይ ለብቻው በደም ባንክ አይመደብ። ይህም አንድ ጊዜ ታይቶ የሚቀር አይሁን፤ በየዓመቱ ይደገም። በመካከሉም መልሱ የታወቀ ናሙና፣ የፈተና መሆኑ ሳይነገረው እንደ ማንኛውም ናሙና ይላክለት፤ በተለይም ለሌሊት ተረኛው። ሰው ሲታይ የሚሠራውና ሳይታይ የሚሠራው አንድ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ሥልጠናው የላቦራቶሪ ተማሪዎች ብቻ አይሁን። ከስሕተቱ ግማሽ ያህሉ ከላቦራቶሪው ውጭ ከሆነ፣ የላቦራቶሪውን ሰው ብቻ ማሠልጠን ግማሹን በር ዘግቶ ግማሹን ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። የነርስና የሕክምና ተማሪዎች ከእኛ ጋራ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢያንስ አንድ ከሰዓት በኋላ ይዋሉ። የሕክምና ተማሪው ናሙናውን ይቅዳ፤ የላቦራቶሪ ተማሪው ይመልስበት። ዛሬ ተማሪ ሆነው «ይህ ቱቦ ተመልሷል» መባባልን የለመዱ ሰዎች፣ ነገ ሐኪምና ባለሙያ ሆነው ሲገናኙ አይቀያየሙበትም።

አራተኛ፣ በየላቦራቶሪው የስሕተት ደብተር ይኑር። ጉዳት ያደረሰው ብቻ ሳይሆን፣ ሊያደርስ ሲል የተያዘውም ይጻፍበት። የሠራተኛው ስም አይጻፍ፤ ምን እንደ ሆነ፣ የት እንደ ተያዘና ለምን እንደ ደረሰ ይጻፍ። ከሰው ስሕተት፣ ከብረት ዝገት አይጠፋም ይባላል። ዝገቱን ግን የሚያስወግደው ብረቱን አውጥቶ የሚያየው ሰው ነው እንጂ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ የሚደብቀው አይደለም። ደመወዙ እንዳይቈረጥበት የሚፈራ ሠራተኛ የተጠቀለለውን ጨርቅ አይፈታም። እዚህ ላይ እንዳልሳሳት፤ ዐውቆ ቸል የሚለውን ሰው ዝም በሉት አላልሁም። ራሱ ስሕተቱን የሚናገረውን ሰው ግን የምንቀጣው ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት የሚጠፋው ሐቀኛው ሰው ነው።

ይህን ስናገር የሚነሡብኝ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው «አገራችን ድኻ ናት፤ ሪኤጀንት በሚያጥርበት፣ መብራት በሚጠፋበት ቦታ ስለ ሥልጠና ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ነው። መሣሪያና ሪኤጀንት ያስፈልጋሉ፤ እርሱን አልክድም። ነገር ግን የበሽተኛን ስም ከነአያቱ መጠየቅ መብራት አይፈልግም። ቱቦ ላይ በአልጋው አጠገብ መጻፍ ብዕር እንጂ ዶላር አይፈልግም። እንዲያውም ድኻ የሆነ አገር ነው ስሕተትን የማይችለው፤ በስንት ልመና የተገኘ አንድ ከረጢት ደም በስሕተት ሲባክን የሚተካው በቀላሉ አይገኝምና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። «ደም እየፈሰሳት የመጣች ወላድ ጠረጴዛ ላይ ተኝታ ሳለ፣ ስሙ ጐደለ ብለህ ናሙና ትመልሳለህን?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዓለም ላይ እናቶችን ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው በወሊድ ጊዜ የሚደርስ የደም መፍሰስ ነው፤ መዘግየትም ራሱ ይገድላል። ነገር ግን ለዚህ ደንብ ተሠርቶለታል። ጊዜ በማይሰጥ አደጋ የኦ ዓይነት ቀይ ደም፣ ከተገኘም አርኤች ኔጌቲቭ የሆነው፣ በሐኪሙ ፊርማ ያለ ክሮስማች ይሰጣል፤ እስከዚያው ድረስ ሌላ ናሙና በትክክል ተቀድቶ ይመረመራል። እንግዲህ ቱቦውን እምቢ ማለት በሽተኛዋን እምቢ ማለት አይደለም። ይህንም ደንብ ተረኛው በቃሉ ብቻ ሳይሆን በእጁ ሊያውቀው ይገባል፤ እምቢ ለማለት የሚደፍረው፣ ከእምቢታው በኋላ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ነውና።

ሦስተኛው «ወጣቶቹን እምቢ ማለት ካስተማርናቸው ሥርዓት ይጠፋል» የሚል ነው። እኔ ደግሞ ሥርዓት የሚጠፋው፣ ደንቡ ተጽፎ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ ማንም ሳይጠብቀው ሲቀር ነው እላለሁ። እኔ የምለው እምቢታ ከኩራት የሚመጣ አይደለም፤ ከደንብ የሚመጣ ነው። በጨዋ ቃል ይነገራል፤ በመዝገብ ይጻፋል፤ ከኋላውም ኃላፊው ይቆምለታል። ኃላፊው የማይቆምለት ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ደፍሮ በሦስተኛው ይተወዋል።

ከሁሉ ነገር ይህ የመጨረሻው ይበልጥ ያሳስበኛል። ሥልጠና በተማሪው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አይቀመጥም፤ በሚሠራበትም ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ይበተናሉ። አንዱ ሌሊት ብቻውን ይሆናል፤ አማካሪ የሌለው፣ ስልኩ የማይሠራ፣ በሩን የሚያንኳኳው ግን የማያቋርጥ። ያን ሌሊት ከእርሱ ጋራ የሚያድረው እዚህ የለመደው ልማድ ብቻ ነው። መምህሮቻችን ስለ ላንድስታይነር ያስተማሩን ትምህርት ደኅና ነው፤ እናመሰግናቸዋለን። ከዚያ በተጨማሪ ግን በክፍል ውስጥ «ቆይ፤ ይህ ልክ አይደለም» ያለውን ተማሪ በሌሎቹ ፊት እንዲያመሰግኑት እንለምናቸዋለን።

የማኅበራችንም ሥራ በደም ልገሳ ቀን ወረፋ በማስያዝ ብቻ የሚያልቅ አይመስለኝም። ደም ስጡ ብሎ የሚጠራ ማኅበር፣ ያ ደም ትክክለኛው ሰው ዘንድ እንዲደርስ መጠየቅም ይገባዋል። ስለዚህ ማኅበሩ ከላቦራቶሪ፣ ከነርስና ከሕክምና ክፍሎች አንድ አንድ ተማሪ መርጦ፣ ወጥመድ ያለበትን የተግባር ፈተናና የጋራውን ከሰዓት በኋላ በሚመለከት ከመምህሮች ጋራ እንዲነጋገር ሐሳብ አቀርባለሁ። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ ያረጁ ቱቦዎች፣ ብዕርና ጥቂት ቅንነት ይበቃሉ። የሚቃወመኝ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍና እንከራከር።